ኤሲ ውስጥ ወይስ ፀሐይ ላይ? ለዳላሱ አሰልጣኝ ጥያቄ መልስ

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ትናንት ማታ ከሥራ ስወጣ አየሁት። በሁለት መስመር የሚመለስ ስላልሆነ ዛሬ ቁጭ ብዬ ልጻፍልህ። ሌላውም ሰው እንዲከታተል ጥያቄውን ባጭሩ ልድገመው። ዳላስ ውስጥ የሐበሻ የእግር ኳስ ቡድን ታሠለጥናለህ። ኤሲ (አየር ማቀዝቀዣ) ያለው ኢንዶር፣ ማለትም በአዳራሽ ውስጥ ያለ ሜዳ፣ በሰዓት ኪራይ አግኝታችኋል። ልጆቹ ሙቀቱ ስለመረራቸው ከሜይ ጀምሮ ልምምዱ በሙሉ ወደ ውስጥ ይግባ ይላሉ። ቱርናመንቱ ግን ጁላይ መጀመሪያ ላይ ነው፤ ጨዋታውም ውጭ ነው። ይጠቅመናል ወይስ ይጎዳናል ነው ያልከው።

እኔ የምኖረው ሂውስተን ነው። አሥራ አንድ ዓመት የአካባቢያችንን ልጆች አሠልጥኛለሁ። መልሴ ይኸው፦ ኢንዶሩን አትተው። ከመጀመሪያው ጨዋታ በፊት ያሉትን ሁለት ሳምንታት ግን ከፀሐይ እንዳትሸሽ። ይህን የምልህ ተሳስቼ ስላየሁት ነው።

በ2018 የኢትዮጵያ ስፖርት ፌዴሬሽን በሰሜን አሜሪካ ውድድር እናንተው ከተማ ዳላስ ነበር። እኛም እንደ እናንተ ጥሩ ኢንዶር አግኝተን ነበር። ከኤፕሪል ጀምሮ በሳምንት ሦስት ቀን እዚያው ሠራን። ልጆቹ ፈጠኑ። ቅብብላቸው ያምር ነበር። እኔም በልቤ ዘንድሮ ዋንጫው የኛ ነው አልኩ። የመጀመሪያው ጨዋታ ከሰዓት በኋላ ደረሰን። ሃያ አምስት ደቂቃ ያህል ተጋጣሚያችንን ኳስ አሳጣነው። ከዚያ በኋላ እግራቸው ከዳቸው። አንዱ ቋንጃውን ይዞ ወደቀ። ሌላው እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ቆመ። ሁለተኛው አጋማሽ ላይ የመሀል ተጫዋቻችንን "ወደ ግራ ጠጋ በል" ብዬ ጮህኩበት። ዞር ብሎ አየኝ፤ ዓይኑ ግን እኔን አያይም። ኳሱ በጨዋታ ላይ እያለ ቀስ ብሎ ከሜዳ ወጣና የተጋጣሚዎቻችን ወንበር ላይ ተቀመጠ።

ላቡ እየወረደ ነበር። ሙቀት የመታው ሰው ላቡ ይደርቃል ሲባል ስለምሰማ፣ ድካም ነው ብዬ አሰብኩ። ትልቅ ስህተት ነው። በስፖርት ላይ የሚመጣው ሂትስትሮክ (የሙቀት ምት) ሰውየው በላብ ተነክሮ እያለም ይመጣል። ማየት ያለብህ ጭንቅላቱን ነው። መቀባዠር፣ መደናገር፣ ያለ ምክንያት መቆጣት፣ እንደ ሰከረ መንገዳገድ። ደግነቱ የአንዱ ልጅ እናት ነርስ ናት፤ እሷ ነች "በረዶውን አምጡ!" ብላ የጮኸችው። መጠጥ የያዙትን የበረዶ ሳጥኖች ሁሉ ገለበጥንበት። አምቡላንሱ ሲደርስ ስሙን መናገር ጀምሮ ነበር። ልጁ ዛሬ ደህና ነው፤ የሁለት ልጆች አባት ሆኗል።

ማታ ሆቴል ስንገባ አንዱ "ኮች፣ እኛ እኮ የሂውስተን ልጆች ነን። እንዴት ሙቀት ያሸንፈናል?" አለኝ። ብዙ አሰብኩበት። ሂውስተን እንኖራለን እንጂ ሙቀት ውስጥ አንኖርም። ከቤት ኤሲ ወደ መኪና ኤሲ፣ ከመኪና ወደ መጋዘን ወይም ወደ ቢሮ፣ ከዚያ ወደ ኢንዶር። ፀሐይ የምታገኘን ፓርኪንግ ስናቋርጥ ብቻ ነው። ሰውነት ሙቀትን በአድራሻ አይለምድም።

የሚለምደው ሙቀት ውስጥ ሲሠራ ነው። በመጀመሪያዎቹ አራት አምስት ቀናት ደም ውስጥ ያለው ፈሳሽ ይጨምራል። ልብ በአንድ ምት ብዙ ደም ትገፋለች፤ ስለዚህ ለዚያው ሩጫ የልብ ምት ይቀንሳል። ቀጥሎ ላብ ቶሎ ይጀምራል፣ ይበዛል፣ ከላቡ ጋር የሚወጣው ጨው ግን ያንሳል። ይህ ሁሉ እስኪሟላ ከ10 እስከ 14 ቀን ይፈጃል። ክፋቱ ልማዱ ቆይቶ አይጠብቅህም። ወደ ኤሲ ስትመለስ መቀነስ ይጀምራል፣ በሦስት አራት ሳምንት ውስጥ አብዛኛው ይጠፋል። ስለዚህ በኤፕሪል ውጭ ሮጦ ጁንን በሙሉ ኢንዶር ያሳለፈ ቡድን ለጁላይ የሚተርፈው ነገር የለም። ቅደም ተከተሉን ገልብጠው። ኢንዶሩ ይቅደም፣ ፀሐዩ ለመጨረሻ ይቆይ።

ኢንዶሩን የምወደው ለፍጥነት ነው። በ36 ዲግሪ ሙሉ ኃይሉን አውጥቶ የሚሮጥ ልጅ አላየሁም። ሦስተኛው ሩጫ ላይ ፍጥነት መለማመዱ ይቀርና ድካም መለማመድ ይሆናል። የቆመ ኳስ፣ የተከላካይ መስመር አደረጃጀት፣ ጫና ውስጥ ሆኖ ኳስ ማውጣት፣ እነዚህን ሁሉ ሰው የሚማረው ሲቀዘቅዝ ነው። ውጭ ቆመህ አሥር ደቂቃ ብታስረዳቸው ሁሉም የሚያየው የውሃውን ኮዳ ነው። ጉድለትም አለው። አብዛኛው ኢንዶር ጠባብ ነው፣ አርባ ሜትር ቀጥ ብሎ የሚሮጥበት የለም። የመስመር ተጫዋችህ ያንን ሩጫ በየሳምንቱ ካልሮጠ፣ ቱርናመንቱ ላይ ሲሞክረው ቋንጃው ይሄዳል። ግድግዳውም ያታልላል። የተሳሳተ ኳስ ተመልሶ ይመጣልሃል፣ ልጆቹም ያንን ይለምዱታል። ስለዚህ ሜይ ላይም ቢሆን በሳምንት አንድ ቀን ሰፊ ሜዳ ላይ አውጣቸው።

"ኢንዶር" የሚባለው ሁሉ ቀዝቃዛ እንዳይመስልህ ደግሞ። አንድ ዓመት ርካሽ ነው ብለን የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው አዳራሽ ተከራየን። ባለቤቱ ይቀዘቅዛል ብሎን ነበር፤ ያለው ግን ሁለት ትልልቅ ማራገቢያ ብቻ ነው። ቆርቆሮው ቀኑን ሙሉ የጠጣውን ፀሐይ ማታ ይተፋዋል። ሃያ ሰው እያላበ ሲሮጥበት አየሩ እንደ እንፋሎት ሆነ። ሰውነትን የሚያቀዘቅዘው የሚተነው ላብ ነው፤ መሬት ላይ የሚንጠባጠበው ላብ ውሃ ከማስጨረስ በቀር ምንም አይረዳም። ውጭ ትንሽ ነፋስ ነበር፣ ውስጥ ምንም። በሦስተኛው ቀን ቀብዱን ትተን ወጣን። አንተም ከመክፈልህ በፊት ማታ ልምምድ በሚደረግበት ሰዓት ሄደህ ቁምበት።

ልጆቹ "ካውቦይስ ኢንዶር አላቸው" ብለው ይከራከሩህ ይሆናል። እውነት ነው፣ የዳላሱ የአሜሪካን ፉትቦል ቡድን ካውቦይስ ፍሪስኮ ውስጥ ግሩም አዳራሽ አለው። ግን አስብበት። የሰመር ካምፓቸውን የሚያደርጉት ካሊፎርኒያ፣ ባሕር ዳር ያለችው ኦክስናርድ ነው። የሜዳቸው ጨዋታ ደግሞ ጣሪያ ባለው ስታዲየም ነው። ለ2026ቱ የዓለም ዋንጫ ከተመረጡት ውስጥም የዳላስ፣ የሂውስተንና የአትላንታ ስታዲየሞች ጣሪያና ኤሲ ያላቸው ናቸው። ልምምድ ጨዋታውን ይመስላል። እነሱ ኤሲ ውስጥ ስለሚጫወቱ ኤሲ ውስጥ ይለማመዳሉ። የኛ ሜዳ ጣሪያው ሰማይ ነው።

አሁን ስለ ሁለቱ ሳምንታት። እኔ ከ2018 በኋላ የማደርገው እንዲህ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት አርባ አምስት ደቂቃ ብቻ፣ ኳስ ይዘን፣ ለስለስ ያለ ሥራ። ከአራተኛው ቀን ጀምሮ ወደ አንድ ሰዓት፣ ከሳምንት በኋላ ወደ ሰባ አምስት ደቂቃ እናሳድገዋለን። መጀመሪያ ሰዓቱ ይረዝማል፣ ከዚያ ጉልበቱ ይጨምራል፤ ሁለቱን በአንድ ቀን አልጨምርም። ቡድኑ በማይገናኝበት ቀን እያንዳንዱ በሰፈሩ ከሰዓት በኋላ አርባ ደቂቃ ሶምሶማ ይሮጣል፣ ከሰው ጋር እንጂ ብቻውን አይደለም። በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ ፀሐይ ማየት አይበቃም። ለኢንዶሩም አንድ ቀን እንመድባለን፣ ለፍጥነትና ለቆመ ኳስ። የመጨረሻዎቹ ሁለት ቀናት ግን ቀላል መሆን አለባቸው፤ ደክሞ የደረሰ ቡድን ሙቀት ለምዶም አይጠቅመው። ጂም ያላቸው ልጆች ከኢንዶር ልምምድ በኋላ ሃያ ደቂቃ ሳውና ቢገቡ ያግዛቸዋል። ውጭ መሥራትን ግን አይተካም።

አርፍዶ ለመጣ ልጅ በፀሐይ ሩጫ ቅጣት የሚባል ነገር በቡድንህ እንዳይኖር። እለምንሃለሁ። ልጆች የሚጎዱት ብዙ ጊዜ እዚያ ላይ ነው፤ ልጁ ቢደክመውም አያቆምም፣ ያፍራልና።

ስልክህ ላይ የምታየው ዲግሪ የጥላ ነው፤ ፀሐዩን አይቆጥርም። ደብልዩቢጂቲ የሚባል መለኪያ አለ። እርጥበቱን፣ የፀሐዩን ግለትና የአየሩን ሙቀት አንድ ላይ ይመዝናል። ከውጤቱ 70 በመቶው የሚመጣው ከእርጥበቱ በኩል ነው፣ የአየሩ ዲግሪ 10 በመቶ ብቻ ነው። ሂውስተን ከናንተ ዲግሪው ዝቅ ብሎ እያለ ሰው የሚያፍነው ለዚህ ነው። በእጅ የሚያዝ መሣሪያ ይሸጣል፣ አዋጥታችሁ ግዙ። ፊፋ ለማቀዝቀዣ እረፍት ይጠቀምበት የነበረው ቁጥር በዚህ መለኪያ 32 ዲግሪ ነው። በ2014ቱ የብራዚል ዓለም ዋንጫ ሆላንድና ሜክሲኮ ፎርታሌዛ ሲጫወቱ ዳኛው ጨዋታውን አስቁሞ ውሃ ያጠጣው በዚህ ነው። እነሱ ግን ዶክተር ከጎናቸው የቆመላቸው ባለሙያዎች ናቸው። እኔ 30 ሲደርስ ወደ ኢንዶር አስገባለሁ ወይም ልምምዱን አሳጥራለሁ።

ሜዳውንም ምረጥ። ሰው ሠራሽ ሣር (ተርፍ) ቀትር ላይ ከ60 ዲግሪ በላይ ይግላል፤ በታኬታ ሥር ይሰማሃል። የተፈጥሮ ሣር ካገኘህ ራቅ ቢልም ሂድ። ከሌለ በአሜሪካ አቆጣጠር ከምሽቱ 7 ሰዓት ተኩል በፊት ተርፉ ላይ አትውጣ።

ውሃ ላይ ሁሉም ሰው ጠጡ ይላል፤ ስንት እንደሆነ የሚናገር የለም። ሚዛን ይዘህ ና። ከልምምድ በፊትና በኋላ ይመዘኑ። የቀነሰው አንድ ኪሎ አንድ ሊትር ያህል ላብ ነው። ሰባ ኪሎ የሚመዝን ልጅ ከአንድ ኪሎ ተኩል በላይ ከጣለ በቂ አልጠጣም ማለት ነው። ክብደቱ ከጨመረ ደግሞ ከልክ በላይ ጠጥቷል፤ ባዶ ውሃ ብቻ አብዝቶ መጠጣት የደም ጨውን አውርዶ ሰውን ሆስፒታል ያስገባል። ጨው ከምግብ ይግባ። ሽሮውም ምስሩም ለዚህ ጥሩ ነው።

ምግብን ካነሳሁ፣ የሰኔ ጾም አለ። የሚገባበት ቀን በየዓመቱ ይለያያል፣ የሚፈታው ግን ሐምሌ 5 ነው፣ በፈረንጆቹ ጁላይ 12። ቱርናመንታችን ጾሙ ውስጥ ይወድቃል። ከልጆቻችን በሐበሻ አቆጣጠር እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህልም ውሃም የማይቀምሱ አሉ። ይህን እንደ ችግር አታንሳባቸው። ማን እንደሚጾም አስቀድመህ በግል ጠይቅ፣ የነሱን ልምምድ ወደ ማታ አድርገው፣ የጨዋታው ቀን ላይ ምን እንደሚያደርጉ ከንስሐ አባታቸው ጋር ይነጋገሩ።

ከሁሉ የሚያሳስቡኝ ሁለት ዓይነት ልጆች ናቸው። አንዱ ሌሊት ሠርቶ ሳይተኛ የሚመጣው ነው። እንቅልፍ ያጣ ሰው ሙቀትን አይችልም፤ ያን ቀን ተቀምጦ ይይ። ሌላው ከአዲስ አበባ በቅርብ የመጣው ነው። ከ2300 ሜትር ከፍታ ስለመጣ ትንፋሹ አያልቅም፣ ሁሉንም ጥሎ ይሮጣል። አንተም ደስ ይልሃል። ግን ሳንባው እንጂ ቆዳው ቴክሳስን አያውቅም። እንዲህ ያለውን ልጅ ከሁሉም ቀስ ብለህ አስገባው።

የመጨረሻው ነገር ገንዳ ነው። ቴክሳስ ውስጥ ለከብት ውሃ ማጠጫ የሚሸጠውን ገንዳ ግዛ። በየልምምዱ ውሃ ሞልተህ፣ በረዶውን ከጎኑ አስቀምጥ። ልጅ ከተደናገረ 911 እየተደወለ እስከ አንገቱ አስገባው፣ ራሱን ደግፈህ፣ ውሃውን እያማሰልክ። መጀመሪያ ማቀዝቀዝ፣ ከዚያ መውሰድ። የሰውነቱ ሙቀት ከ40 በላይ በቆየ ቁጥር አደጋው ይከፋል፤ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ መውረድ አለበት። በ2018 የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የአሜሪካን ፉትቦል ተጫዋች ጆርዳን ማክኔር ሜይ መጨረሻ ላይ ልምምድ ሜዳ ታሞ ጁን 13 ሞተ። 19 ዓመቱ ነበር። በኋላ በተደረገው ምርመራ በቀዝቃዛ ውሃ እንዳልተነከረ ታወቀ። የሞቱን ዜና ከኛ የዳላስ ጨዋታ ሁለት ሳምንት ያህል ቀድሜ አንብቤዋለሁ። አንብቤም ገንዳ ሳልይዝ ሄድኩ።

የመጀመሪያ ጨዋታችሁ ሰዓት ሲታወቅና የኢንዶሩን ጣሪያ ስታየው እዚሁ ጻፍልኝ። የአሥራ አራቱን ቀን ፕሮግራም በሰዓታችሁ ልክ አስተካክዬ እልክልሃለሁ።