ላይብረሪ ከመምረጣችሁ በፊት ዕቅዱን እዩ

በዳታ ሥራ ላይ ላላችሁ ወጣቶች፣

ብዙ ጊዜ የምትጠይቁኝ አንድ ነገር ነው። «ፕሎትሊ ልማር ወይስ ቦኬ? አልቴርስ እንዴት ነው?» ሦስቱም በፓይተን (የፕሮግራም ቋንቋ ነው) ብራውዘር ውስጥ የሚታይ ግራፍ የሚያወጡ ላይብረሪዎች፣ ማለትም ሌሎች የጻፏቸው ዝግጁ ኮዶች ናቸው። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ግን ከሱ የሚቀድም አለ። ላይብረሪውን የሚሠራው ማን ነው? ወዴትስ ሊወስደው አስቧል? የልማት ዕቅድ የምለው ይህንን ነው። ይህን ሳያይ የጀመረ ሰው፣ ዛሬ ለፍቶ የሠራው ዳሽቦርድ ከሁለት ዓመት በኋላ አልነሳ ይለዋል።

ቦኬን እንይ። በድሮዎቹ መማሪያዎች የግራፉ ስፋት «ፕሎት ዊድዝ» በሚል ስም ይሰጥ ነበር። በ2022 እ.ኤ.አ. ቦኬ 3.0 ሲወጣ ያ ስም ቀረና «ዊድዝ» ብቻ ሆነ። የድሮውን ኮድ ገልብጦ የሚሞክር ጀማሪ ወዲያው ኤረር ይመጣበታል። ስንቱ ልጅ እዚህ ጋ «ይሄ ነገር ለኔ አይሆንም» ብሎ ትቶታል! ልጆቼ፣ ጥፋቱ የናንተ አይደለም። ለውጡ በግልጽ ተጽፏል። ከዚያ በፊት የነበረው ቨርዥንም ስሙ ሊቀር እንደሆነ ኮዱ በሮጠ ቁጥር ያስጠነቅቅ ነበር። ያንን ማስጠንቀቂያ ዝም ብላችሁ አትለፉት፤ አንብቡት። የምትጠቀሙበትን ቨርዥን ቁጥርም ከኮዱ ጋር ጽፋችሁ አስቀምጡ።

ከዚህ የከበደም ደርሷል። ቦኬ ውስጥ ቻርትስ የሚባል ክፍል ነበር። በአንድ መስመር ኮድ ግራፍ ያወጣ ስለነበር ሰው ወዶት ነበር። በ2017 እ.ኤ.አ. ከዋናው ላይብረሪ ወጥቶ ለብቻው ተለየ፣ ከዚያም የሚንከባከበው አጣ። በሱ ላይ የገነቡ ሰዎች ሥራቸውን እንደገና መጻፍ ነበረባቸው። እኔ በሠሪዎቹ አልፈርድም። ጥቂት ሰዎች ሁሉን መሸከም አይችሉም። ዛሬ ያን ቀላል መንገድ የሚፈልግ ኤችቪፕሎት የሚባለውን ላይብረሪ ያገኛል፤ ከሥሩ ቦኬን ይጠቀማል።

ስለዚህ የልማት ዕቅድ ስታነቡ ከጀርባው ያለውን አቅም አብራችሁ እዩ። ፕሎትሊ ሞንትሪያል ያለ ኩባንያ ነው፤ ገቢው ዳሽ ከሚባለው የዳሽቦርድ መሥሪያው ጋር የተያያዘ ስለሆነ ዳሽን የሚጠቅም ነገር ቶሎ ትኩረት ቢያገኝ አይግረማችሁ። አልቴር ደግሞ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ በተወለደው ቪጋ ላይት በሚባል የግራፍ መግለጫ ቋንቋ ላይ ተደግፏል። ቪጋ ላይት የማይችለውን አልቴር አይችልም። የአልቴርን ነገ ማወቅ የፈለገ የቪጋ ላይትን ዕቅድ ያንብብ። ደግሞም ዕቅድ ላይ የተጻፈ ሁሉ ይመጣል ማለት አይደለም። የደንበኛችሁን ሥራ ገና ባልወጣ ነገር ላይ አትጀምሩ።

አሁን ወደማይለወጠው ልምጣ። ቦኬም ሆነ ፕሎትሊ ሆነ አልቴር አሠራራቸው አንድ ነው። ፓይተን የግራፉን መግለጫ በጄሰን (ዳታ በጽሑፍ የሚቀመጥበት ቅርጽ ነው) ይጽፋል፤ ብራውዘር ውስጥ የሚሮጥ የጃቫስክሪፕት ቋንቋ ኮድ ያንን አንብቦ ይሥላል። ይህ ከገባችሁ ብዙ ነገር ይገለጥላችኋል። አልቴር ከ5000 ረድፍ በላይ ስትሰጡት ለምን እንቢ ይላል? ዳታው ራሱ መግለጫው ውስጥ ስለሚገባ ፋይሉ እንዳያብጥ ነው። አምስት ነጥብ ብቻ ያለው የፕሎትሊ ግራፍ በብራውዘር የሚከፈት ፋይል (ኤችቲኤምኤል) ሆኖ ሲቀመጥ ለምን ከ3 ሜጋባይት በላይ ይሆናል? ጃቫስክሪፕቱ በሙሉ አብሮ ስለሚታሸግ ነው። ከኢንተርኔት እንዲወስድ ብታዙት ፋይሉ በጣም ያንሳል፤ ያለ ኔት ግን አይከፈትም። ሪፖርቱ ወረዳ ላለ ባለሙያ በቴሌግራም የሚላክ ከሆነ ይህ ትልቅ ውሳኔ ነው። እኔ ብሆን ከብዶም ቢሆን ያለ ኔት የሚከፈተውን እልክለታለሁ። ሚሊዮን ነጥብ ያለው ዳታ ሲገጥማችሁ ደግሞ ዴታሼደር አለ፤ ሥዕሉን ፓይተን በኩል ሠርቶ ለብራውዘሩ ምስል ብቻ ይልካል።

በአማርኛ ለምንሠራ ሰዎች ደግሞ የተለየ ጉዳይ አለ። ግራፉን በምስል በሚያወጣው ማትፕሎትሊብ በሚባል የፓይተን ላይብረሪ ላይ «መስከረም» ብላችሁ ስትጽፉ ባዶ ሣጥኖች ይመጣሉ፤ አብሮት የሚመጣው ፎንት የግዕዝ ፊደል የለውም። ኖቶ ኢትዮፒክን የመሰለ ፎንት ጭናችሁ ማሳወቅ አለባችሁ። በብራውዘር የሚሠሩት ግን የኮምፒውተሩን ፎንት ስለሚጠቀሙ ፊደላችን አለምንም ጣጣ ይወጣል። እነዚህን ላይብረሪዎች እንድወድ ካደረጉኝ ነገሮች አንዱ ይህ ነው።

ፕሎትሊ የኢትዮጵያን የዘመን አቆጣጠር እንደሚያውቅስ ስንቶቻችሁ ሰምታችኋል? የቀን መስመሩን «ኢትዮጵያን» (ethiopian) ወደሚለው ካሌንደር ስትቀይሩት 13ቱን ወር፣ ጳጉሜንም ጨምሮ፣ ያወጣላችኋል። የምርት ገበያ ዋጋ ወይም የትምህርት ቤት ምዝገባ በራሳችን ወር ተከፋፍሎ ሲታይ ደስ ይላል። ግን የወሮቹ ስም በላቲን ፊደል ነው።

ይህን ሞንትሪያል ያለ ፕሮግራመር በራሱ አስቦ አያስተካክለውም። ሰው ካልጠየቀው ዕቅድ ውስጥ አይገባም። ስለዚህ የላይብረሪው ኮድ በሚቀመጥበትና ጥያቄ በሚቀርብበት ጊትሃብ በሚባለው ድረ ገጽ ላይ ጥያቄውን ክፈቱ። አሥር መስመር የማይሞላ ኮድ፣ የወጣውን ግራፍ ፎቶ፣ የቨርዥን ቁጥሩን አያይዙ። «አይሠራም» ብላችሁ ብቻ አትለጥፉ፤ እንዲህ ያለውን ማንም አያነበውም። የአሥራ ሦስቱን ወር ስም በፊደላችን ጻፉላቸው። መስመሩ ጠባብ ሲሆን የሚወጣውን አጭር ስምም ጨምሩ፤ «መስ» ይሁን «መስከ» እናንተ ተነጋግራችሁ ወስኑ።