የመጀመሪያዎቹ የእንግሊዝ ሊቶሪናዎች ተሳቢ ያልጎተቱበት ምክንያት

ጥያቄህ ይህ ነበር፦ «ግሬት ዌስተርን የተባለው የእንግሊዝ የባቡር ኩባንያ በፈረንጆች 1933 ያስገባው የናፍጣ ሊቶሪና (የራሱ ሞተር ያለው የመንገደኛ ፉርጎ) ሰው እየሞላበት ለምን አንድ ፉርጎ አልቀጠሉለትም?»

አጭሩ መልስ፦ የአውቶቡስ ሞተር ስለነበረው ነው። ሠሪው ኤኢሲ የሎንዶን አውቶቡሶችን ሞተር ያመርት የነበረው ድርጅት ነው፤ የመጀመሪያው ሊቶሪና፣ ቁጥር 1ም፣ የተገፋው 120 ፈረስ ጉልበት ገደማ ባለው በአንድ ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተሩ ነበር። መኪናው 24 ቶን ይመዝናል፣ 69 ሰው ያስቀምጣል። በቶን 5 ፈረስ ጉልበት ማለት ነው። በየ50 ሜትሩ 1 ሜትር በሚወጣ ዳገት ላይ ብቻውን በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። 25 ቶን ፉርጎ ብታስርበት ፍጥነቱ በግማሽ ይወርዳል። ይህ የእኔ ስሌት ነው፣ ግን ብዙ አይስትም። በዚያ ላይ ጋንቾውም (የመቀጠያ መንጠቆው) የፉርጎ መላተሚያውም እንደ ሌላው ባቡር መደበኛ አልነበረም፤ ጫፉ ነፋስ እንዲሰነጥቅ ተስሎ የተሠራ ነው። «በራሪው ሙዝ» ያስባለውም ይኸው ቅርጽ ነው።

ዋናው ጣጣ ግን ካምቢዮው ነው። ሞተሩን ከካምቢዮው የሚያላቅቅ ፍሪሲዮን የለውም፤ በምትኩ ጉልበቱን በዘይት የሚያስተላልፍ ቮላኖ (የሞተር መዘውር) አለ፣ ከኋላው ደግሞ ባለ አራት ማርሽ የዊልሰን ካምቢዮ። ሾፌሩ ማርሹን አስቀድሞ ይመርጣል፣ ነዳጁን ይቀንሳል፣ ከዚያ ለውጡን ያዛል። ያኔ ካምቢዮው ውስጥ ያለው ቀበቶ ከበሮውን አንቆ ይይዝና ማርሹን ያስገባል። ቮላኖው መኪናው ፍጥነት እስኪያገኝ ይንሸራተታል፤ ያለ መንገጫገጭ የሚነሳውም ለዚህ ነው። ከባድ ጭነት ይዘህ ዳገት ላይ ብዙ ካንሸራተትከው ግን ጉልበቱ ወደ ሙቀት ይለወጣል፣ ዘይቱ ይፈላል፣ ፓራኦሊዮው (ዘይት እንዳይወጣ የሚዘጋው ክፍል) ያፈሳል። ያፈሰሰው ዘይት በጋለ የጭስ ቧንቧ አጠገብ አቧራ ይዞ ሲጠራቀም ደግሞ እሳት ይጠብቅሃል። የካምቢዮው ቀበቶም ሲያልቅ ማርሹ «ያዘ» ብለህ ነዳጅ ስትሰጥ ሞተሩ ብቻ ይጮሃል። መፍትሄው ቀበቶውን በጊዜ ማስተካከል ወይም መለወጥ ነው።

ወደ ኋላ ለመሄድ ካምቢዮውን አትነካም። አቅጣጫ መለወጫው ከአክስሉ ጋር ስለሆነ አራቱም ማርሽ በሁለቱም በኩል ይሠራል፤ ግን መኪናው ፍጹም ሳይቆም አይነካም። ሞተሩ ከሻንሲው ጎን ስለተሰቀለ የጎኑን ሽፋን ከፍተህ ቆመህ ትሠራለህ። ይህ ለመካኒክ ትልቅ ጸጋ ነው። ችግሩ ጋራዡ የእንፋሎት ባቡር ጋራዥ መሆኑ ነው፦ ጥላሸትና አመድ ባለበት ቦታ የናፍጣ ማጣሪያና ኖዝል (ናፍጣ የሚረጨው አፍ) ንጹሕ ሆኖ አይቆይም።

ድርጅቱም ችግሩን አልሸሸም። በ1934 የመጡት ከ2 እስከ 4 ቁጥሮች ሁለት ሞተር ተገጠመላቸው። ወንበሩን ወደ 44 ቀንሰው ትንሽ ቡፌ ጨመሩበትና በካርዲፍና በበርሚንግሃም መካከል ፈጣን አገልግሎት ጀመሩ። እሱም ሞላ! መኪናው ሲሞላ ተጨማሪ ወንበር የሚቀጠልበት ቦታ አልነበረም። ትክክለኛው እርምጃ የመጣው በ1937 በቁጥር 18 ነው፦ መደበኛ ጋንቾና መላተሚያ፣ ለጉተታ የሚሆን ዝቅ ያለ ማርሽ ተደረገለት። የተሰጠው መስመር ላምቦርን ነው፤ እዚያ የውድድር ፈረስ የሚጭን ፉርጎ ስለሚቀጠል ተሳቢ የማይጎትት መኪና አይጠቅምም ነበር። ከ1940 ጀምሮ የተሠሩት ከ19 እስከ 38 ቁጥሮች ይህንን ተከተሉ። የመጨረሻዎቹ አራቱ ጥንድ ጥንድ ሆነው ሲሠሩ በመሃላቸው ተራ ፉርጎ ማስገባት ተቻለ። 38ቱም ተሠርተው ካለቁ በኋላ የመጨረሻዎቹ እስከ 1962 በሥራ ላይ ቆይተዋል።

ልዩነቱን በዓይንህ ማየት ከፈለግክ ስዊንደን ሙዚየም ያለውን ቁጥር 4 እና ዲድኮት የባቡር ማዕከል ያለውን ቁጥር 22 ፎቶ ጎን ለጎን አድርገህ ጫፋቸውን ብቻ ተመልከት፦ መጀመሪያ መላተሚያውን፣ ቀጥሎ ጋንቾውን።