ውሻው አደራ ነው

ልጆቼ፣

ባለፈው ሳምንት ማታ ሦስት ተማሪዎች በሬን አንኳኩ። በማዳበሪያ ጆንያ ጠቅልለው ውሻ ይዘዋል። ባጃጅ ገጭቶት ነው። የአንደኛዋ ልጅ ነጠላ በደም ርሷል። «ጋሼ፣ አይሞትብንም አይደል?» አለችኝ። ጡረታ ከወጣሁ ዓመታት አልፈዋል። ደብረ ማርቆስ ላይ ግን እንዲህ ያለ እንግዳ ከቤቴ ጠፍቶ አያውቅም። ውሻውን አየሁላቸው፤ አቅሜ የቻለውን አደረግሁ። ልጆቹ ከሄዱ በኋላ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ልነግራቸው የሚገባኝ ብዙ ነበር፤ በር ላይ ቆሞ የሚያልቅ ግን አልነበረም። ለእነሱም፣ እንደ እነሱ ልባቸው ለሚራራ ለሌሎቻችሁም ይኸው ጻፍኩ።

እኔ ደብረ ዘይት ሠልጥኜ በ1979 ዓ.ም. ሥራ የጀመርኩ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ። ደጀን፣ ቢቸና፣ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬ፣ ዳንግላ፤ በጎጃም ያልረገጥኩት መንገድ ጥቂት ነው። የሠለጠንኩት በዋናነት ለበሬ፣ ለበቅሎና ለበግ ነው። ውሻ ማስታመምን ያስተማሩኝ ደጄ የመጡ ቁስለኞች ናቸው። አንዳንዱን ነገር የተማርኩት ስለሞቱብኝ ነው።

ከሁሉ በፊት አንድ ቃል ያዙልኝ፤ አደራ። በእኛ አገር «አደራ በላ» መባል ከባድ ስድብ ነው። ጎረቤት በጉን «አቆይልኝ» ብሎ ሲሄድ ከራሳችን በጎች አስበልጠን ነው የምንጠብቅለት። የተጎዳ ውሻ ስታነሡም እንዲሁ ነው። ባለቤቱ ገና አልመጣም። ማን እንደሆነም አታውቁትም። ግን ይመጣል፤ እናንተ ለእሱ ታቆዩለታላችሁ። ይህን ከመጀመሪያው ቀን ካልያዛችሁ፣ ወይ ውሻው ከእናንተ በቀር ሰው የማያምን ይሆናል፣ ወይ ሰኔ ላይ ትመረቁና የኪራይ ቤቱ ግቢ ውስጥ ጥላችሁት ትሄዳላችሁ። ሁለተኛውን ስንቴ አየሁት! በቡችላነቱ አቅፈው ያሳደጉት ውሻ ሻንጣቸውን ተከትሎ መናኸሪያ ይደርሳል። አውቶቡሱ ይሄዳል። እሱ ነሐሴን በዝናብ ሲንከራተት ይከርማል።

ስለዚህ አከራያችሁን ሳታስፈቅዱ አትጀምሩ። ብቻችሁንም አትጀምሩ። የማውቃቸው አምስት ልጆች በሳምንት 50 50 ብር እያዋጡ እንደ ዕቁብ ይዘውት ነበር። አንዱ ያበላል፣ አንዱ ያጸዳል፣ አንዱ ክሊኒክ ያመላልሳል። እንዲህ ሲሆን ነው የሚዘልቀው።

ቀጥሎ የራሳችሁ ነፍስ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ፣ ሰውም ይሁን ውሻ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። ድምፁ የተለወጠ፣ ምራቁ የሚዝረበረብ፣ እንጨቱንም ድንጋዩንም የሚነክስ ውሻ ካያችሁ አትቅረቡ። ይህን ብዙ ሰው ያውቃል። ብዙ ሰው የማያውቀው ዝም ያለውን ዓይነት ነው። መንጋጋው ወርዶ፣ መዋጥ አቅቶት፣ ፈዝዞ ይተኛል። ሰው «አጥንት ተሰንቅሮበት ነው» ብሎ በርኅራኄ እጁን አፉ ውስጥ ይከታል። እባካችሁ አታድርጉት። ርቃችሁ ቁሙና ለወረዳው የእንስሳት ጤና ሰዎች አሳውቁ።

ውሻ ከነከሳችሁ ወዲያው በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ ሙሉ ታጠቡ። በሰዓት ያዙት፤ 15 ደቂቃ ከምታስቡት በላይ ረጅም ነው። በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሄዳችሁ ክትባቱን ጀምሩ፣ ሳታቋርጡም ጨርሱ። ጸበል መጠመቅን አልቃወምም፤ እኔም እጠመቃለሁ። ግን ጸበሉም ክትባቱም ይሁን። ክትባቱን ትተው ሥር ጠጥተው የተቀመጡ ሰዎችን ለቅሶ ደርሻለሁ። ይህን ሥራ ልትገፉበት ካሰባችሁ ደግሞ ሳትነከሱ በፊት ስለሚሰጠው ክትባት ሐኪም ጠይቁ። በሽታው ውሻ ውስጥ ለሳምንታት አንዳንዴም ለወራት ተደብቆ ሊቆይ ስለሚችል፣ ዛሬ ደህና የሚመስለው ነገ ላይሆን ይችላል።

እዚህ ላይ የሚያቃጥለኝን አንድ ነገር ልናገር። ስትሪክኒን የሚባል መርዝ በሥጋ ተለውሶ ጎዳና ላይ ሲበተን በዘመኔ አይቻለሁ። ጠዋት ሕፃናት ትምህርት ቤት ሲሄዱ እግራቸው ደርቆ የተንጋለሉ ውሾችን እየተራመዱ ያልፋሉ። በሽታው ግን አይጠፋም። የሞተውን ቦታ ሌላ ያልተከተበ ውሻ ይይዘዋል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚለው ከ100 ውሾች 70ውን ክተቡ ነው፤ ያኔ በሽታው መተላለፊያ ያጣል። አንድ ውሻ አስታማችሁ ከትባችሁ ለሰው ስትሰጡ፣ ሰፈሩንም እየጠበቃችሁ ነው።

አሁን ወደ ቁስለኛው እንመለስ። የተገጨ ውሻ የገዛ ጌታውንም ይነክሳል፤ ሕመሙ ነው የሚያስነክሰው። አፉን እሰሩ። እናቶቻችን የሚታጠቁት መቀነት ከምንም ይሻላል፤ ረጅም ነው፣ ለስላሳ ነው። አፍንጫው ላይ አንዴ ጠምጥሙት፣ ከአገጩ ሥር አቆላልፉት፣ ከጆሮው ኋላ ቋጥሩት። የሚያስታውክ ወይም ትንፋሽ ያጠረው ከሆነ ግን አትሰሩት። በሳንቃ ወይም ተወጥሮ በተያዘ ጆንያ አንሡት፤ ወገቡ እንዳይታጠፍ።

ከዚያ ከንፈሩን ገልጣችሁ ድዱን እዩ። በጣታችሁ ጫን አድርጋችሁ ልቀቁ። ነጣ ያለው ቦታ በሁለት ሴኮንድ ውስጥ ወደ ሮዝ መመለስ አለበት። ከዘገየ ወይም ድዱ ከመጀመሪያውም እንደ ወረቀት የነጣ ከሆነ ውስጥ ለውስጥ እየደማ ሊሆን ይችላል። ያኔ ቁስል ማጠቡን ተዉት፤ አልብሳችሁ ወደ ክሊኒክ ሩጡ።

ቁስሉ ላይ አረቄ፣ ነጭ ጋዝ ወይም የተቃጠለ የሞተር ዘይት አታፍስሱ። ይህን የሚያደርጉት ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ ሲደረግ አይተው ነው። አንድ ሊትር ውሃ አፍሉ፣ አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ጨው ጨምሩበት፣ ሲበርድ በእሱ እጠቡ። ትል ካለ በወረንጦ አንድ በአንድ ልቀሙ። ይዘገንናል፤ ሰዓታትም ይፈጃል። ለእሾህ የምንይዛት ወረንጦ ስንት ውሻ እንዳዳነችልኝ ልነግራችሁ አልችልም።

የሰው ማስታገሻ በፍጹም አትስጡ። አንዴ ደግ ልጆች የምታነክስ ውሻ አዝነውላት፣ ጠዋትና ማታ ዲክሎፌናክ ሲሰጧት ሰንብተው አመጡልኝ። እግሯ እየዳነ ነበር፤ የምታስታውከው ግን ደም ነው። አልተረፈችም። ልጆቹ ሲያለቅሱ ምን እንደምላቸው ጠፋኝ። ኢቡፕሮፌንም፣ ፓራሲታሞልም ያው ነው። የውሻ መድኃኒት መጠኑን የሚያውቅ ባለሙያ ይዘዝላችሁ።

ስለ ምግብ የራሴን ጥፋት ልናዘዝ። በእኛ አገር ሁዳዴ ሲገባ ሥጋ ቤቶች ይዘጋሉ። 55 ቀን የጎዳና ውሻ አጥንት አያገኝም። ጎድኑ የሚቆጠር ውሻ በብዛት የምታዩት ያኔ ነው። ሥራ በጀመርኩ በጥቂት ዓመት ውስጥ፣ ቡሬ ሳለሁ፣ በፋሲካ ጠዋት አንድ አጥንቱ የገጠጠ ውሻ አጥሬ ሥር ተኝቶ አገኘሁ። በዓል ነውና አንጀቴ ተላወሰ። የበጉን ሆድ ዕቃ፣ እንጀራውን፣ ያለውን ሁሉ ዘረገፍኩለት። እስኪጠግብ በላ። ጅራቱን ሲቆላ ደስ ብሎኝ አየሁት። በሦስተኛው ቀን ሞተ። ረዥም ጊዜ የተራበ ገላ በአንዴ ብዙ ምግብ ሲገባበት በደሙ ውስጥ ያሉት ማዕድናት ይዛባሉ፤ ልቡ ይደክማል። እኔ ይህን ያወቅሁት ከረፈደ በኋላ ነው።

እናንተ በትንሽ በትንሹ አብሉት። ቀጠን ያለ የሩዝ ወይም የገብስ ገንፎ፣ ትንሽ የተቀቀለ ሥጋ ወይም እንቁላል፣ በቀን አምስት ስድስት ጊዜ። መጠኑን በየቀኑ ጨመር እያደረጋችሁ ሂዱ። የወጥ ትርፍ አትስጡት፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ደም ይጎዳል። የዶሮ አጥንት ከተቀቀለ በኋላ እንደ ስንጥር ይሰበራል። በበዓል የታረደ በግ ሳንባው ወይም ጉበቱ ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ካያችሁ ደግሞ ለውሻ አትወርውሩት። እዚያ ውስጥ ያለው ትል ውሻው አንጀት ውስጥ ያድጋል፤ እንቁላሉ በዓይነ ምድሩ ወጥቶ ወደ ሰው ይመለሳል። ቅበሩት። ለውሻውም የትል መድኃኒት ስጡት።

ስለ ስብራት ብዙ አልልም፤ የባለሙያ ሥራ ነው። እኔ በሠራሁባቸው ክሊኒኮች ራጅ አልነበረም፤ በእጃችን ነበር የምንዳስሰው። አንድ ነገር ግን ታገሡ። የዳሌ ስብራት ብዙ ጊዜ በዕረፍት ብቻ ይድናል፤ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት በጠባብ ቦታ። የጤፍ ጭድ በወፍራሙ አንጥፉ፤ የእኛ ደጋ ብርድ ለጤነኛም ከባድ ነው። መነሣት ካልቻለ በየአራት ሰዓቱ ገልብጡት፤ አለዚያ ጎኑ ይቆስላል። አዎ፣ ሌሊትም።

የኋላ እግሮቹን የሚጎትት ሲመጣ ጣቱን ጠበቅ አድርጌ እቆነጥጣለሁ። እግሩን መሰብሰቡን አላይም፤ እግር ሳይሰማውም ሊሰበሰብ ይችላል። የማየው ፊቱን ነው። ዞሮ ካየኝ ወይም ከጮኸ ተስፋ አለ። ቀናት አልፈው ምንም ካልተሰማው፣ ያለ ሥቃይ እንዲያርፍ ማድረግ የሚሻልበት ጊዜ አለ። ውሳኔውን ብቻችሁን አትሸከሙት፤ ሐኪሙ ይምከራችሁ። ግን እዚያው ሁኑ። የሚያውቀው እጅ ጭንቅላቱ ላይ ይሁን።

ገላው ሲድን ፍርሃቱ ይቀራል። ቡላ ያልኩት አንድ ውሻ ነበረኝ፤ በድንጋይ ጭንቅላቱን የተፈነከተ። 11 ቀን እኔ እያለሁ እህል አልቀመሰም፤ ሌሊት ብቻ ነበር የሚበላ። በየማታው ጀርባዬን ሰጥቼው ዱካ ላይ እቀመጥና ሬዲዮ እሰማ ነበር። አላይህም፣ አልጠራህም እንደማለት። በ12ኛው ማታ ጫማዬ ላይ ሙቀት ተሰማኝ። አገጩን አሳርፎበታል። አልተንቀሳቀስኩም። እግሬ ደነዘዘ፤ ዜናው አልቆ ሌላ ፕሮግራም ገባ፤ እኔ አሁንም አልተንቀሳቀስኩም። ከዚያ በኋላ ጎረቤቶቼን፣ ልጆችን፣ ባለ ጋቢውን ሽማግሌ ሁሉ እየጠራሁ እንዲያበሉት አደረግሁ። የእኔን እጅ ብቻ ቢለምድ ለሚቀጥለው ጌታው ምን ይተርፈዋል?

ቤት ስትፈልጉለት አትቸኩሉ። ብዙ ሰው መጥቶ «ይናከሳል ወይ?» ይላል። ቀን ከሌት በአጭር ሰንሰለት ሊያስረው ለሚፈልግ አትስጡ። ሄዳችሁ ግቢውን እዩ፤ የሚያድርበትን ጥግ፣ የውሃ ዕቃውን፣ ልጆቹ ዶሮውን እንዴት እንደሚይዙት። ሴት ውሻ «ትወልድብናለች» ተብላ ብዙ ትጠብቃለች፤ ከተቻለ እንዳትወልድ አሠርታችሁ ስጡ። የክትባት ካርዷን በእጃቸው አስይዙ። በሳምንቱ ተመልሳችሁ ጠይቁ። «ካልተስማማችሁ ለእኔ መልሱልኝ፤ መንገድ ላይ አትጣሏት» በሏቸው፣ ሲመልሷትም ሳታጉረመርሙ ተቀበሉ።

ሸጋ ያልኳት ውሻ በደጀን መንገድ አይሱዙ የፊት እግሯን ጨፍልቆባት ነው የመጣችልኝ። ባሕር ዳር ያለ የሙያ ጓደኛዬ እግሯን ቆረጠላት፤ በዚያው እንዳትወልድ አደረጋት። አራት ወር እኔ ዘንድ ቆየች። ሴት፣ ባለ ሦስት እግር፤ ማን ይውሰዳት? በመጨረሻ ጠላ የሚሸጡ አንዲት እናት መጡ። ባላቸው ሞተው ብቻቸውን ናቸው። ቆመው ብዙ አዩዋትና «እኔስ ጉልበቴ መች እሺ ይለኛል» አሉ። ግቢያቸውን አይቼ ሰጠኋቸው። ያን ማታ የጤፍ ጭዱን ስጠርግ አለቀስኩ። እናንተም ታለቅሳላችሁ፤ አትፈሩት።

ባለፈው ቅዳሜ ከገበያ ስመለስ በበራቸው አለፍኩ። ሸጋ ከደጃፉ ተነሥታ ጮኸችብኝ፤ ፀጉሯን አቁማ፣ በሦስት እግሯ እየዘለለች። ቀረብ ስል ሽታዬን አወቀችና ጅራቷን ቆላች። እጄን ላሰችኝ። ወዲያው ግን ተመልሳ እማማ እግር ሥር ተኛች። ገብቼ አንድ ጣሳ ጠላ ጠጣሁ። ካርዷን አምጥተው አሳዩኝ፤ ከሙዳይ ውስጥ ነበር ያስቀመጡት። የእብድ ውሻ ክትባቷ ጥር ላይ ያልቃል። መርፌውን ይዤ እንደምመጣ ነግሬያቸዋለሁ።