ውሻዬን ይዤ የምክር አገልግሎት መስጠት እችላለሁ?

ጥያቄ፦ ቨርጂኒያ ውስጥ የካውንስሊንግ ማስተርስ አንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ሰባት ወር የሆነው ላብራዶር አለኝ፤ በጣም ጨዋ ነው። በበጎ ፈቃደኛ ድርጅት በኩል ቴራፒ ውሻ (ሰዎችን እየጎበኘ የሚያጽናና ውሻ) አድርጌ አስመዝግቤው ሲቪዬ ላይ ባሰፍረው ሥራ ለማግኘት ይረዳኛል? ወደፊት ከሐበሾች ጋር መሥራት እፈልጋለሁ።

መልስ፦ እህታችን፣ ሐሳብሽ መልካም ነው፤ ቅደም ተከተሉ ግን ተገላብጧል። ቀጣሪ መጀመሪያ የሚፈልገው አማካሪዋን ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ሙሉ ፈቃድ የምታገኚው 60 ክሬዲት ትምህርትና በሱፐርቪዥን (ፈቃድ ባለው ባለሙያ ክትትል) የተሠራ 3,400 ሰዓት አሟልተሽ የፈቃድ ፈተናውን ስታልፊ ነው። ውሻው በዚያ ላይ የሚመጣ ነው።

ለምዝገባውም ቡችላሽ ገና ነው። እንዲህ ያሉ ውሾችን ከባለቤቶቻቸው ጋር የሚመዘግበው ፔት ፓርትነርስ የተባለው ድርጅት ቢያንስ 1 ዓመት የሞላውና ከባለቤቱ ጋር 6 ወር የኖረ ውሻ ይጠይቃል፤ ጥሬ ሥጋ የሚበላ አይቀበልም፤ በየ2 ዓመቱም እንደገና ይፈትናል። ብዙዎች የሚሳሳቱት ከዚህ በኋላ ነው። የድርጅቱ ኢንሹራንስ የሚሸፍነው የበጎ ፈቃድ ጉብኝትን እንጂ ደመወዝ የሚከፈልበትን ሥራ አይደለም። ስለዚህ የራስሽን የሙያ ኢንሹራንስ ኩባንያ «ክፍሉ ውስጥ ውሻ ይኖራል» ብለሽ ጠይቂ፤ መልሱንም በጽሑፍ ያዢ። ሌላው ደግሞ፣ እንዲህ ያለው ውሻ ለአካል ጉዳተኛ እንደሠለጠነ አጋዥ ውሻ በሕግ የትም የመግባት መብት የለውም። የቀጣሪሽና የሕንፃው ባለቤት ፈቃድ ያስፈልግሻል።

የአሜሪካ የካውንስሊንግ ማኅበር በ2016 እ.ኤ.አ. በእንስሳት እገዛ ለሚሰጥ የምክር አገልግሎት የብቃት መመዘኛ አውጥቷል። ጨዋ ውሻ መያዝ ብቻውን አይበቃም፤ አማካሪዋም ለብቻዋ መሠልጠን አለባት። ሲቪሽ ላይ ክብደት የሚኖረው ይህ ሥልጠና ነው።

ልዩነቱን በምሳሌ እንየው። ድምፁን አውጥቶ መናገር የሚፈራ የ9 ዓመት ልጅ መጣ እንበል። ውሻውን «ተቀመጥ» ይለዋል፤ በሹክሹክታ ስለሆነ ውሻው ዝም ይላል። ልጁ ቀና ብሎ፣ ጠንከር አድርጎ ሲደግመው ውሻው ይቀመጣል። አንቺም «አሁን ምን ለወጥክ?» ትዪዋለሽ። ግቡን፣ የውሻውን ድርሻና ያየሽውን ለውጥ ማስታወሻሽ ላይ ትጽፊያለሽ። ይህ ከሌለ ውሻ ማሻሸት ብቻ ነው።

የሚበላሸውም እዚሁ ላይ ነው። ተገልጋይዋ ማልቀስ ስትጀምር ውሻው ሄዶ ይልሳታል፤ እሷም እንባዋን ጠርጋ እሱን ማጫወት ትይዛለች፤ ሊወጣ የነበረው ነገር ተመልሶ ይቀበራል። ስለዚህ «ቦታህ» ሲባል ምንጣፉ ላይ የሚቆይ ውሻ ያስፈልግሻል። ምንጣፉ ከተገልጋዩ መቀመጫ ራቅ ብሎ ይነጠፍ፤ ውሻው ሲሰለቸው የሚሄድበት ጥግም ይኑረው፤ ወንበር ላይ አትሰሪው። እንቅልፍ ሳይመጣበት ካዛጋ፣ ምግብ ሳይኖር ከንፈሩን ከላሰ፣ ፊቱን ካዞረ ወይም የዓይኑ ነጭ ከታየ ተጨንቋልና ይውጣ። ፔት ፓርትነርስ ጉብኝትን በቀን በ2 ሰዓት ይገድባል፤ አንቺም ከዚያ አትለፊ። ችላ የተባለ ውሻ በመጨረሻ ያጉረመርማል፤ ከዚያም ይነክሳል።

ሐበሾችን በተመለከተ፣ ብዙዎቻችን ውሻን የምናውቀው በር ላይ ታስሮ ሲጮህ ነው፤ የእብድ ውሻ በሽታ ፍርሃትም አብሮን አድጓል። ለብዙ ሙስሊሞች ደግሞ የውሻ ምራቅ ልብስ ከነካ ለሶላት መታጠብ አለበት። ስለዚህ ፈቃዱን ቀጠሮ ሲያዝ በስልክ ጠይቂ። በር ላይ ከጠየቅሽ፣ ሰውየው በይሉኝታ «ችግር የለም» ይልና 50 ደቂቃ ሙሉ እግሩን ሰብስቦ ይቀመጣል። ውሻው የማይገባበት ቀን ለይተሽ ያዢ፤ ከዚያ ቀን በፊት ክፍሉ በደንብ ይጠረግ፤ ፀጉሩ ሶፋ ላይ ይቀራልና።

ለአሁኑ ቡችላሽን ከሊፍት፣ ከዊልቸር፣ ከሕፃናት ጩኸትና ነጠላ ከለበሱ እናቶች ጋር ቀስ እያልሽ አለማምጂው። የልምምድ ቦታ የሚመድበውን መምህር ደግሞ በእንስሳት እገዛ በሚሰጥ ምክር የሠለጠነ ሱፐርቫይዘር ያለበት ክሊኒክ እንዳለ ጠይቂው፤ የሚቀጥለው ዓመት ምደባ ሳያልቅ።