ነዳጅ አልገባ ሲል መጀመሪያ የአየሩን መውጫ ፈልግ

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ሳነብ የራሴ የድሮ መኪና ትዝ አለችኝ። «መኪናዬ ቆየት ያለች ናት፤ ነዳጅ ስቀዳ መቅጃው በየሁለት ሰከንዱ ጠቅ እያለ ይቆማል፤ ሰልባትዮው (የነዳጅ ታንኩ) ግን ግማሽ እንኳ አልደረሰም፤ ሰልባትዮውን ላስቀይር ወይ?» ነው ያልከው። አታስቀይር። ቢያንስ አሁን አታስቀይር። እኔ በዚሁ ችግር ወራት ተንገላትቻለሁ፤ ሰልባትዮ አስወርጄ አሳጥቤም ነበር። ምንም ለውጥ አላመጣም።

መቅጃው ለምን እንደሚቆም ካወቅህ ግማሹ መንገድ አለቀ። የመቅጃው ጫፍ ላይ ትንሽ ቀዳዳ አለች። ነዳጁ እየወረደ ሳለ በእሷ በኩል አየር ይሳባል። ነዳጅ ሽቅብ መጥቶ ቀዳዳዋን ሲሸፍናት አየሩ ይቋረጥና መቅጃው ራሱን ይዘጋል። ሰልባትዮው ይሙላ አይሙላ መቅጃው አያውቅም። የሚያውቀው ነዳጅ ጫፉ ጋ መድረሱን ብቻ ነው። ስለዚህ ያንተ መኪና ላይ ነዳጁ ወደ ታች መውረዱን ትቶ የመግቢያ ቱቦው አንገት ላይ እየቆመ ነው ማለት ነው።

ለምን ይቆማል? 40 ሊትር ነዳጅ እንዲገባ 40 ሊትር አየርና ትነት መውጣት አለበት። አፉ የጠበበ ጄሪካን ውስጥ ውኃ በኃይል ስትገለብጥ ጉልቅ ጉልቅ እያለ ይመለስብሃል። ቀስ ስትል ግን ይገባል። ያንተም ችግር አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው። ነዳጁ መግቢያ አላጣም፤ አየሩ ነው መውጫ ያጣው።

ገንዘብ ከማውጣትህ በፊት ሌላ መቅጃ ሞክር። አንዳንዱ መቅጃ ራሱ ቶሎ የሚዘጋ ነው። ከዚያ መቅጃውን ትንሽ ወደ ውጭ ሳብ አድርገህ ወይም ወደ ጎን አዙረህ በቀስታ ቅዳ። በቀስታ ስትቀዳ የሚገባ ከሆነ የአየሩ መንገድ ጠቧል፣ ግን ፈጽሞ አልተዘጋም። በቀስታም እምቢ ካለ ወይ ጨርሶ ተዘግቷል፣ ወይ ራሱ ወፍራሙ የመግቢያ ቱቦ ውስጥ ዝገት ወይም የታጠፈ ነገር አለ። ብዙ ርቀት ነድተህ ክዳኑን ስትከፍት በኃይል «ፍስስ» የሚል ከሆነም ልብ በል። ትንሽ ድምፅ በሙቀት ጊዜ ያለ ነው። እየጠነከረ ከመጣ ግን ሰልባትዮው መተንፈስ አቅቶታል።

የእኔን ልንገርህ። ከወፍራሙ መግቢያ ቱቦ ጎን ለጎን አንዲት ቀጭን የጎማ ቱቦ ትወርዳለች። ከሰልባትዮው አናት ተነስታ ክዳኑ አጠገብ ትገጠማለች። ሲቀዳ አየሩ ተመልሶ የሚወጣው በእሷ ነው። ጋራዥ ውስጥ ማንም አላያትም ነበር፤ ምክንያቱም ከፓራፋንጎው (ከጭቃ መከላከያው) ጀርባ ናት፣ ከውጭም ጤነኛ ትመስላለች። አንድ ቀን የመኪናዋን እግር አውልቄ፣ ፓራፋንጎውን ፈትቼ፣ ቀጭኗን በጣቴ ስጫናት እንደ ሊጥ ለስልሳለች። ቆርጬ ሳያት የውስጥ ሽፋኗ ተልጦ ታጥፏል። አየር የሚያሳልፍ ቀዳዳ አልቀረም። ያ ሁሉ ወር የፈጀብኝ አንድ ክንድ የማትሞላ ጎማ ናት!

ስቀይራት ደግሞ አንድ ስህተት ሠራሁ፤ አንተ አትድገመው። አስረዝሜ ቆረጥኳትና መሀሏ ረገበ። የረገበው ቦታ ላይ ነዳጅ ተጠራቅሞ መልሶ ዘጋት። መንገዷ ሁልጊዜ ወደ ላይ የሚወጣ መሆን አለበት። ለነዳጅ የተሠራ ጎማ ብቻ ተጠቀም። የውኃ ጎማ በቤንዚን ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ ትመለስበታለህ።

ጎማዎቹ ደህና ከሆኑ ቀጥሎ ካኒስተሩን እይ። ውስጡ ከሰል ያለበት ጣሳ ነው፤ የነዳጁን ትነት ይዞ ሞተሩ ሲሠራ እንዲቃጠል ይልከዋል። አንዳንዱ መኪና ላይ ሞተር ክፍል ውስጥ ነው፣ አንዳንዱ ላይ ከኋላ ከሥር። ከኋላ ከሥር ከሆነ የአየር ቀዳዳውን አቧራና ጭቃ ይደፍነዋል። ሸረሪትም ድሯን ታደራበታለች፤ ይህ የምር የሚያጋጥም ነገር ነው። ፈትተህ ስታነሳው ከከበደህ፣ ከውስጡም ነዳጅ ጠብ ካለ፣ ከሰሉ ረጥቧል። ጎማዎቹ ውስጥ ጥቁር ቅንጣት ካገኘህ ደግሞ ካኒስተሩ ውስጡ ተሰብሯል፤ መቀየር ብቻ ነው መፍትሔው። ቅንጣቶቹ ቫልቮቹን ሳይዘጉብህ ጎማዎቹንም አጽዳ።

የቱ ጋ እንደተዘጋ ለመለየት እኔ የማደርገው ይኸን ነው። ከሰልባትዮው ወደ ካኒስተሩ የሚሄደውን ጎማ ከካኒስተሩ ላይ እነቅላለሁ። የነዳጅ ክዳኑን እከፍታለሁ። ከዚያ በብስክሌት መንፊያ ቀስ እያልኩ ወደ ሰልባትዮው እነፋለሁ። አየሩ ያለችግር ከገባና ክዳኑ ጋ ከተሰማኝ እስከዚያ ያለው ክፍት ነው፤ ጥፋቱ ካኒስተሩ ወይም ከእሱ በኋላ ያለው ቫልቭ ነው። ካልገባ ጎማው ወይም ሰልባትዮው አናት ላይ ያለው ቫልቭ ነው። ኮምፕሬሰር በፍጹም አትጠቀም። በአፍህም አትሳብ።

እባክህ ይኼን በጥንቃቄ ሥራው። ሞተሩ ይቀዝቅዝ፤ ቦታው ገላጣ ይሁን፤ የባትሪውን ኔጌቲቭ ንቀል። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል። መሬት ለመሬት ሄዶ ራቅ ያለ እሳት ያገኛል። ጉድጓድ ውስጥ ወይም በተዘጋ ጋራዥ አትሥራው። መኪናዋን ካነሳህ ደግሞ በክሪክ ብቻ አትመን፤ ካቫሌቶ (ከሥር የሚደግፍ የብረት መቆሚያ) አስገባባት።

መኪናህ ካኒስተር የሌላት በጣም የቆየች ከሆነች ደግሞ ክዳኑን አትርሳ። አንዳንዶቹ ላይ ሰልባትዮው የሚተነፍሰው በክዳኑ ነው። ድፍን ክዳን ከተገጠመባት ነዳጁ ሲቀንስ ሰልባትዮው ወደ ውስጥ ይሳባል፤ ጥቂት ነድተህም ሞተሩ ይጠፋብሃል። ሲቀዳ ግን ክዳኑ ክፍት ስለሆነ አሁን ላልከው ችግር ምክንያቱ እሱ አይሆንም።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። መቅጃው ጠቅ ካለ በኋላ «ትንሽ ጨምርበት» የማለት ልማድ አለህ? እኔ ነበረኝ። የምትጨመረው ነዳጅ ሰልባትዮው ውስጥ ለትነት የተተወውን ቦታ ትሞላና ፈሳሹ ወደ ካኒስተሩ ይሄዳል። ሁለተኛዋ መኪናዬ ላይ ካኒስተሩን ያበላሸሁት በዚህ ነው። ምልክቱም ነበር፤ ከማደያ እንደወጣሁ ሞተሩ ለመነሳት ያስቸግረኝ ነበር፣ ነዳጅ ነዳጅም ይሸት ነበር። ያንተም እንዲህ የሚያደርግ ከሆነ ከጎማው በፊት ካኒስተሩን እይ፤ ያገኘኸውንም እዚሁ ጻፍልኝ።