የድሮ ዘፈን ይዛችሁ ስቱዲዮ ለምትገቡ

ልጆቼ፣ ዕድሜዬን የፈጀሁት ሙዚቃ በማቀናበር ነው። ዛሬ ዛሬ ወደ እኔ የሚመጡ ወጣቶች አብዛኞቹ «የድሮውን ድምፅ ያምጡልን» ይሉኛል። ደስ ይለኛል። ያልኖሩበትን ዘመን ሥራ እንዲህ መውደዳቸው ቀላል ነገር አይደለም። ግን የምለው አለኝ።

በቅርቡ አንድ ልጅ የሠራውን አሰማኝ። ዜማው ያምራል፣ ባሱም ቦታው ላይ ነው። ከላይ ግን የሸክላ ጭርጭርታ ጨምሮበታል፤ መርፌው አቧራ ሲነካ የሚያሰማው ዓይነት። ለምን እንደጨመረው ጠየቅሁት። «ጋሼ፣ የድሮ ስሜት እንዲሰጥ ብዬ ነው» አለኝ። እንዲህ ያለውን ጭርጭርታና ሹሹታ ለማጥፋት የድሮዎቹ ያልሞከሩት ነገር አልነበረም። አሜሪካዊው መሐንዲስ ሬይ ዶልቢ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የቴፕ ሹሹታ የሚቀንስ መሣሪያ ሠርቶ ያወጣው ለዚሁ ነው። እኛ የምንናፍቃቸው ሰዎች ለራሳቸው ድሮ አልነበሩም። በጊዜው የተገኘውን አዲስ መሣሪያና አዲስ ምት እየተሻሙ ነበር የሚሠሩት። እነሱን መምሰል የፈለገ ይህን ጉጉታቸውን ይያዝ፤ ጭርጭርታውን ይተወው።

ፊልም ላይም ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 ዳይሬክተሩ ገስ ቫን ሳንት የሂችኮክን የ1960 ፊልም «ሳይኮ» ከሞላ ጎደል ቀረጻ በቀረጻ ገልብጦ ሠራው። ተመልካቹም ሃያሲውም ፊት ነሱት። ጆርጅ ሉካስ ደግሞ በልጅነቱ የወደደውን «ፍላሽ ጎርደን» የተባለ የጠፈር ጀብዱ ተከታታይ ፊልም እንደገና ሊሠራ ፈልጎ መብቱን አጣ። ስላጣ የራሱን ዓለምና የራሱን ሰዎች መፍጠር ግድ ሆነበት፤ በ1977 «ስታር ዋርስ» ወጣ። መጀመሪያው ላይ ወደ ላይ እየሸሸ የሚሄደው ጽሑፍ እንኳ ከእነዚያ የድሮ ተከታታይ ፊልሞች የመጣ ነው። ናፍቆቱ እዚያው አለ፤ ታሪኩ ግን የእሱ ነው። ያን መብት ቢያገኝ ኖሮ ምን ይቀርብን እንደነበር አስቡት።

ከሁሉ የምወደው ግን የዲጄ ኩል ሄርክን ነው። በ1973 ኒው ዮርክ፣ ብሮንክስ ውስጥ ድግስ ላይ ሸክላ ያጫውታል። ሌላው ድምፅ ጠፍቶ ድራሙ ብቻውን ሲቀር ሰው እንደሚያብድ አስተዋለ። ያ ክፍል ጥቂት ሰከንድ ነው፣ ወዲያው ያልፋል። እሱ የአንዱን ሸክላ ሁለት ቅጂ በሁለት ማጫወቻ ላይ አድርጎ፣ አንዱ ሲያልቅ ሌላውን ወደ ኋላ እየመለሰ ያቺን ቦታ አስረዘማት። ሂፕ ሆፕ ከዚያ ተነሣ። ዕቃው ሁሉ አሮጌ ነበር፤ የሰማበት ጆሮ ነው አዲሱ።

ስለዚህ የምትወዱትን የድሮ ሥራ ከመንካታችሁ በፊት ደጋግማችሁ ስሙት። ሰውነታችሁን ውርር ያደረጋችሁ የቱ ጋ ነው? ዘፋኙ ትንፋሽ ሲስብ ነው? ባሱ ዘግየት ብሎ ሲገባ? «ሁሉም» ካላችሁኝ ገና አልሰማችሁትም። ቦታውን ካገኛችሁ በኋላ ዋናውን ዝጉት፤ ሥራችሁ እስኪያልቅም አትክፈቱት። አጠገባችሁ እየጮኸ ከሠራችሁ እጃችሁ ሳታውቁት ይገለብጣል።

እኛ ትልልቆቹ «የድሮውን አይመስልም» ስንላችሁ ብዙ አትደንግጡ። ሰው ከአሥራዎቹና ከሃያዎቹ ዕድሜው ያለው ትዝታ ይበልጥ እንደሚጎላ በጥናት የታወቀ ነው። አንዳንዴ የምንናፍቀው ዘፈኑን ሳይሆን ጉልበታችንን ነው።

ደግሞ የሰው ሥራ ስትወስዱ ፈቃድ ጠይቁ፣ ስሙን ጻፉ፣ ድርሻውንም ክፈሉ። ድራም መቺው ክላይድ ስታብልፊልድ ለአሜሪካዊው ዘፋኝ ለጄምስ ብራውን የመታትን አንዲት የድራም ምት ስንቱ ወስዶ ዘፈን ሠራባት፤ እሱ ግን ከዚያ ሁሉ ይህ ነው የሚባል ገንዘብ አላገኘም። ስለዚህ ውሉን ገና ሥራውን ስትጀምሩ ጨርሱት፤ ዘፈኑ ከወጣ በኋላ ማንም ስልክ አያነሳላችሁም።