«ዱባ ወጤ ለምን ውሃ ይሆናል?» ላልሽው

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። ወንድምሽ ባመጣልሽ ዘር ጓሮሽ ውስጥ በተርነት አበቀልሽ። ያንን አንገቱ ረዘም ያለውን ዱባ ማለቴ ነው። ወጥ ስትሠሪው ግን መረቁ ቀጠነ፣ ዱባውም ሟሙቶ ጠፋ። አይዞሽ፣ እኔም ቀምሻታለሁ። አንድ ዓመት ለጽጌ ጾም ሰው ጠርቼ እንዲሁ ሆነብኝ። አማቴ ቀመስ አደረጉና «ሾርባው ጥሩ ነው» አሉኝ። እስከ ዛሬ ያነሱብኛል።

መጀመሪያ፣ መቼ ቆረጥሽው? መስከረም ላይ ዱባው ሲያምር እጃችን ይቸኩላል። በተርነት ልጣጩ ላይ አረንጓዴ መስመር ካለ ገና ነው። ቀለሙ ፈዛዛ ቡኒ ይሁን፣ ጥፍርሽን ስትጫኚው እምቢ ይበል፣ ከሐረጉ የተያያዘበት ጭራም ይድረቅ። ከነጭራው ቁረጪውና ነፋስ በሚያገኘው ደረቅ ቦታ ሁለት ሳምንት ያህል አስቀምጪው። ጣዕሙ ሌላ ይሆናል። ካልተላጠና ካልቆሰለ ሁለት ሦስት ወር ይቆይልሻል።

ዋናው ጥፋት ግን ውሃው ነው። «ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል» ይባል የለ? ዱባና ዱባም አበሳሰሉ ለየቅል ነው። ኢንተርኔት ላይ «15 ደቂቃ» የሚለውን አትመኚው። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፤ እዚህ ውሃ የሚፈላው 93 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ ይዘገያል። እኛ ደግሞ ሲዘገይብን «ውሃ አንሶት ነው» ብለን እንጨምራለን። ከዚያ በኋላ ወጥ የለም።

እኔ የምሠራው እንዲህ ነው። ለአንድ ኪሎ ዱባ ሦስት ትልልቅ ቀይ ሽንኩርት ደቀቅ አድርጌ ያለ ዘይት አቁላላለሁ። ሲጠወልግ ዘይት፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ በርበሬ፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል። የኑግ ዘይት ካገኘሽ እሱን አድርጊ፣ ለዱባ እንደሱ የለም። በርበሬው እንዳያር ብቻ ውሃ ጠብ ጠብ አደርጋለሁ። ቁሌቱ በደንብ ሲበስል ዱባውን ጎረድ ጎረድ አድርጌ እጨምራለሁ፤ ከአውራ ጣት ያነሰ አትቁረጪ። ከደን፣ እሳቱን ቀነስ። ዱባው የራሱን ውሃ ያወጣል። በማማሰያ አትነካኪው፣ ድስቱን ይዘሽ ነቅነቅ አድርጊው። ጨው መጨረሻ ላይ ነው፤ ቀድሞ ከገባ ውሃውን ይጎትተዋል።

ለወጥ አንገቱን ብቻ ተጠቀሚ። ፍሬ የለውም፣ ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ ቅርጹን ይይዛል። ፍሬ ያለበት ሆዱ ለስለስ ስለሚል ለልጆች ሾርባ ወይም ለእርድ አልጫ ይሁን። ፍሬውን አጥበሽ ፀሐይ ላይ አድርቀሽ ቁይው፤ ለቡና ቁርስ ይሆናል። እኔ ቤት ምጣዱ ላይ እያለ ነው የሚያልቀው።

ስትልጪ እጅሽን ዘይት ቀባ አድርጊ። ጥሬው ፈሳሹ ሲደርቅ ቆዳን ጭምድድ ያደርጋል። እኔ መጀመሪያ ጊዜ በሽታ መስሎኝ ደንግጬ ነበር። ደግሞ ከመጨመርሽ በፊት ጥሬውን ትንሽ በምላስሽ ንኪው። መራራ ከሆነ ሳታመነቺ ጣዪው፤ ቢበስልም ሆድ ያማል።

ጾሙ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ስለሆነ ከአሁኑ ሁለት ዱባ ለይተሽ አስቀምጪ። ኅዳር 6 ቁስቋም ነግሣ ስንመለስ ያንኑ ወጥ በንጥር ቅቤ ሠርተሽ ሞክሪው። አማቴ ያኔ ነው «ይኼማ ወጥ ነው» ያሉኝ።